ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፦ የትኛው ዲስክ፣ የትኛው ሊኑክስ፣ ለማን?

ከምኖርበት ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መርካቶ ደርሶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል። የታክሲ ሰልፉ ከረዘመ ደግሞ ከዚያም በላይ። ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች የማይገጥም ዕቃ ገዝቶ መመለስ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። አንዴ በገንዘብ፣ አንዴ በቀን።

እኔ ሁለቱንም ከፍያለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ስላሽ (ያገለገለ) ቲንክፓድ ቲ480 ገዛሁ። ውስጡ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነበረው። ማሽኑ ጥሩ፣ ኪቦርዱ ጥሩ፣ ግን ይንቀራፈፋል። ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣን ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ) ልገዛ ከተማ ወጣሁ። ሻጩን "ለቲ480 ይሆናል?" አልኩት። "በደንብ ይሆናል" አለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ክዳኑን ስከፍት የሚሰካበት ቦታ የለም። ቲ480 ሃርድ ዲስክ ይዞ ከተሠራ፣ ኤንቪኤምኢ ለመግጠም የራሱ ማስገጠሚያና የራሱ ኬብል ይፈልጋል። ሻጩ አልዋሸኝም። ሞዴሉ ይቀበላል። የእኔው ግን ያለዚያ ቁራጭ አይቀበልም። በማግስቱ እንደገና ሰልፍ ላይ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼም፣ እዚሁ አጠገባችን ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይጠይቁኛል። ጥያቄው የበዛው ደግሞ ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በኋላ ነው። ያን ቀን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ለሆነ ማሽን በይፋ የሚጠይቀው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ነው። በዚህ ምክንያት የሌኖቮዎቹ ቲንክፓድ ቲ460 እና ቲ470፣ የኤችፒዎቹ ኢሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ4፣ የዴሎቹ ላቲትዩድ ኢ7470 እና 7480 ውጭ ቀሩ። ማሽኖቹ ግን ምንም አልሆኑም። አገር ቤት ውስጥ በየቤቱ እየሠሩ ነው። ዲስካቸው ተቀይሮ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራው ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ቢጫንባቸው ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ።

በምን እንመዝን?

ስለ ዲስክ ሲወራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፍጥነት ይጠይቃል። እኔ ፍጥነትን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው።

የመጀመሪያው መለኪያ መግጠሙ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ቦታ የትኛውን ዓይነት ይቀበላል? ሁለተኛው ጉዞና መብራት ነው። ላፕቶፓችን በየቀኑ በታክሲና በባጃጅ፣ በኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል። መብራትም ሳይታሰብ ይሄዳል። ሦስተኛው ዳታ ነው። ቤቱ ዋይፋይ ላላስገባና በሞባይል ጥቅል ለሚሠራ ሰው፣ 6 ጊጋባይት ማውረድና 1 ጊጋባይት ማውረድ አንድ አይደለም። አራተኛው ያለሱ መሥራት የማትችሉት ፕሮግራም ነው። እንጀራችሁ ያለበት ፕሮግራም ማለቴ ነው። ዋጋው አምስተኛ ነው። የብር ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ እዚህ ላይ የማወዳድረው የቱ ከየቱ እንደሚወደድ ብቻ ነው።

ከአምስቱ አንዱን ብቻ አጣሩ ብትሉኝ፣ ለዲስኩ የመጀመሪያውን፣ ለሊኑክሱ አራተኛውን እላችኋለሁ።

አማራጭ አንድ፦ ባለው ሃርድ ዲስክ መቀጠል

ይህን አልመክርም። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህንና የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። አብዛኛው የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። ክንዱ አንዱን ፋይል አግኝቶ ለማንበብ ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ያንኑ በ0.1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይጨርሳል። ማሽኑ ሲከፈት በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ይነበባሉ። ስታክ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ቀላል የተባለ ሊኑክስ ብትጭኑበት እንኳ ክንዱ ያው ክንድ ነው።

በዚያ ላይ መንገጫገጩ አለ። ማሽኑን ሳታጠፉ ክዳኑን ብቻ ዘግታችሁ ቦርሳ ውስጥ ከከተታችሁት፣ እንቅልፍ እስኪገባ ድረስ ዲስኩ እየዞረ ነው የምትሄዱት።

አሮጌውን ዲስክ ግን አትሽጡት። በዩኤስቢ የሚሰካ ኬዝ ግዙና ውስጡ አስገቡት፤ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ የመጠባበቂያ ዲስክ ይሆናችኋል። ለዚያ ሥራ በቂ ነው።

አማራጭ ሁለት፦ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ

ቅርጹ የሃርድ ዲስኩ ቅርጽ ነው። አሮጌው ከወጣበት ቦታ ላይ ይገባል። ላፕቶፓችሁ አሁን 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ካለው፣ ሳትሳሳቱ ገዝታችሁ የምትመለሱት ይህን ነው።

ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ይደርሳል። ሳታ የሚባለው ማገናኛ ከዚያ በላይ አያሳልፍም። ሃርድ ዲስኩ 100 ገደማ ነበር። ኤንቪኤምኢ ደግሞ በእነዚህ ማሽኖች ዘመን እስከ 3,500 ይደርሳል። ቁጥሩን ያየ ሰው ሳታ ያረጀ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። ሁለቱንም ከተጠቀምኩ በኋላ የምለው ይህን ነው፦ ብሮውዘር ከፍቶ፣ ሰነድ ጽፎ፣ ቴሌግራም ላይ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ዋናው ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ ያለው ነው። ያ ዝላይ የሚመጣው ክንዱን ከመጠበቅ ስለምንገላገል ነው፤ እሱን ደግሞ ሳታውም ይሰጣችኋል።

"ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል" የሚል ስጋት ብዙ እሰማለሁ። እናስላው። ባለ 500 ጊጋባይት ደህና ኤስኤስዲ ላይ አምራቹ ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 300 ቴራባይት ድረስ ይጻፍበት ይላል። በቀን 20 ጊጋባይት ብትጽፉበት በዓመት 7.3 ቴራባይት ነው። ዝቅተኛውን 150ውን እንኳ ብንወስድ 20 ዓመት ይሆናል። ላፕቶፑ ቀድሞ ያረጃል።

አማራጭ ሦስት፦ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ

ማስቲካ የምታክል ሳንቃ ናት። 2280 የሚለው ቁጥር ስፋቷን 22፣ ርዝመቷን 80 ሚሊሜትር ይላል። 2242 ከሆነ ርዝመቱ 42 ነው። ስትገዙ ቁጥሩን እዩ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኤም.2 የቅርጹ ስም እንጂ የፍጥነቱ ስም አይደለም። ቅርጿ ኤም.2 ሆና ውስጧ ሳታ የሆነችም አለች። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሳታዋ መሰኪያው ላይ ሁለት ስንጥቅ አላት፣ ኤንቪኤምኢዋ አንድ። ይህ ግን ጥቆማ ነው። እርግጠኛው ነገር ተለጥፎባት ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ለምሳሌ በቲ480ው ማስገጠሚያ ላይ የሚሠራው ኤንቪኤምኢው ብቻ ነው፤ ሳታዋ ኤም.2 አታገለግልም።

አንድ ሞዴል ስለሆነ ውስጡም አንድ ነው ማለትም አይደለም። ላቲትዩድ 5490ን ውሰዱ። አንዱ 2.5 ኢንች ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ኤም.2። ላቲትዩድ 7490 እና ቲንክፓድ ቲ480ኤስ ግን ኤም.2 ናቸው፣ የ2.5 ኢንች ቦታ የላቸውም። ኢሊትቡክ 840 ጂ3 ደግሞ ሁለቱም ቦታ አለው። ስለዚህ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱና በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ባለሙያ ባትሆኑም ፎቶውን ለሻጩ ማሳየት ሞዴሉን ከመንገር ይሻላል። እኔን ያንን ግማሽ ቀን ያተርፈኝ የነበረው አንድ ፎቶ ነው።

ዴል ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙዎቹ ላቲትዩዶች ከፋብሪካ ሲወጡ ባዮሱ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የዲስኩ አሠራር ሬይድ የሚባለው ላይ ተደርጎ ነው። በዚያ ሁኔታ የሊኑክሱ መጫኛ ኤንቪኤምኢውን ላያየው ይችላል። "ዲስኩ ተበላሽቷል" ብሎ የሚመልስ ሰው አለ። አልተበላሸም። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አሠራር ቀይሩት፣ ይታያል። ዊንዶውስ እዚያው ላይ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ግን ከመቀየራችሁ በፊት ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ አዘጋጁት፤ አለዚያ አልከፈት ይላል።

ኤንቪኤምኢ ማን ይግዛ? ማሽኑ ኤም.2 ብቻ ያለው ሰው፣ ሌላ ምርጫም የለውም። ቪዲዮ የሚቆርጥ። ትልልቅ ዳታ የሚያንቀሳቅስ። ቨርቹዋል ማሽን (በአንዱ ሲስተም ውስጥ የሚከፈት ሌላ ሲስተም) የሚያስኬድ። ለሌላው ሰው የዋጋ ልዩነት ካለ በዚያ ገንዘብ ራም ቢጨምርበት ይሻለዋል።

አማራጭ አራት፦ ሁለት ዲስክ

ይህኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። ቲ480 ላይ ለሲም ካርድ ሞደም የተተወች ትንሽ የኤም.2 ቦታ አለች። 2242 ኤንቪኤምኢ እዚያ ይገባል። 840 ጂ3 ላይም 2.5 ኢንቹና ኤም.2ው አብረው ይሠራሉ። ዊንዶውስ በአንዱ፣ ሊኑክስ በሌላው። ጥቅሙን ከታች ስለ ሁለት ሲስተም ስናወራ ታዩታላችሁ። ችግሩ የ2242 ዲስክ እንደ 2280 በየሱቁ አለመገኘቱ ነው። ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ለእሱ ብላችሁ ከቤት አትውጡ።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ ሻጩ ኮምፒውተር ላይ ይሰካላችሁ። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና በመቶኛ፣ የሠራበትንም ሰዓት ያሳያል። አዲስ ተብሎ ብዙ ሺህ ሰዓት የሠራ ሆኖ ካያችሁት ተዉት። ከመጠን በላይ የረከሰ "2 ቴራባይት" ደግሞ ቁጥሩ ውሸት ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ 2 ቴራባይት ብሎ ያሳያል፤ ሲሞላ ግን ፋይሉ ይጠፋል። ሊኑክስ ላይ ኤፍ3 የሚባል ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ግን መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ አድርጉት።

ላፕቶፑንም የምትገዙት ከዚያው ከሆነ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ግቡ። ሌኖቮ ኤፍ 1፣ ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቃችሁ ማሽኑን የቀድሞው ድርጅት ቆልፎታል ማለት ነው። ሻጩ ከፍቶ ካላሳያችሁ በቀር አትውሰዱት። በተቆለፈ ባዮስ ከፍላሽ ማስነሳትም፣ የዲስክ አሠራር መቀየርም ላይቻል ይችላል። የቢሮ ላፕቶፕ ስንገዛ ከሌላው የሚለየን አደጋ ይህ ነው፤ በጣም ተጠንቀቁበት።

ዊንዶውስን ልተወው ወይስ ላቆየው?

ሊኑክስ እወዳለሁ። እዚህ ላይ ግን ለማንም "ዝም ብለህ ቀይር" አልልም። ጎረቤቴ የሂሳብ ባለሙያ ናት። የምትሠራው በፒችትሪ ነው። እንደ ብዙው የአገራችን የሂሳብ ሠራተኛ ማለት ነው። ፒችትሪ የዊንዶውስ የሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። ሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ የዊንዶውስ ፕሮግራምን ሊኑክስ ላይ በሚከፍተው በዋይን አስኬደዋለሁ ብሎ የደንበኛን ሂሳብ ለአደጋ ማጋለጥም ተገቢ አይደለም። እሷን ዊንዶውሱን አቆይ አልኳት። አውቶካድ ለሚስል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው የዊንዶውስ ፕሮግራም ላዘዘበት ተማሪም ምክሬ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አማርኛው ነው። መጻፉ አያስቸግርም። አይባስ የሚባለው መሣሪያ ላይ የኤም17ኤን ጥቅል ጫኑና "አማርኛ ሴራ" የሚለውን ምረጡ። ድምፁን በላቲን ፊደል ስትመቱ በግዕዝ ፊደል ይወጣል። በፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ በሁለት ቀን ይላመደዋል። ኪይማን የሚባለውም በሊኑክስ ላይ አማርኛ አለው።

አስቸጋሪው የቆየው ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ዩኒኮድ ባልሆኑ ፎንቶች ሲጽፉ ኖረዋል። እንዲህ ዓይነቱን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ስትከፍቱት የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ይታያችኋል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ የሚያነበው ፎንት ነው የጠፋው። የዕድራችሁ ወይም የማኅበራችሁ መዝገብ እንዲህ ከሆነ፣ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስለውጡት፤ ቢያንስ በፒዲኤፍ አስቀምጡት።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ትንሽ ይንሸራተታል። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ነው፣ ሊኑክስ ላይ የለም። በምትኩ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ይገባል። ፊደሉ ቆንጆ ሆኖ ይነበባል፤ ግን 12 ገጽ የነበረው ደብዳቤ 13 ሊሆን ይችላል። ማኅተም የሚመታበትን ሰነድ በፒዲኤፍ ላኩ።

ብሮውዘር፣ ቴሌግራም፣ ዙም፣ ጉግል ዶክስ፣ ሊብረኦፊስ፣ ፕሮግራሚንግ ብቻ ከሆነ ሥራችሁ፣ ሊኑክስ ብቻውን ይበቃችኋል። እኔ እንዲያ ነው ያለሁት።

ሁለቱንም ለሚፈልግ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው አንድ ዲስክ ለሁለት ከፍሎ ሁለቱን መጫን ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ሁለቱ ሲስተሞች አንዱ የሌላውን አጥር ይነካሉ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የወጣ የዊንዶውስ ማሻሻያ ብዙ ሰው ላይ ሊኑክሱ እንዳይነሳ አድርጎ ነበር። የዊንዶውስን ፋስት ስታርታፕም ማጥፋት አለባችሁ። አለዚያ ዊንዶውስ ክፍሉን ግማሽ ክፍት ትቶት ስለሚተኛ ሊኑክስ በትክክል ሊጽፍበት አይችልም። ሌላው ሰዓቱ ነው። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ስትሻገሩ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይላል። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ይይዛል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ልዩነታችን 3 ሰዓት ስለሆነ ነው። የሰዓት ባትሪው የሞተ መስሎት የቀየረ ሰው አውቃለሁ። መፍትሔው ሊኑክሱ የአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ በአንድ ትዕዛዝ ማስተካከል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት ዲስክ ነው። ንጹሑ መንገድ ይህ ነው። ሊኑክሱን ስትጭኑ የዊንዶውሱን ዲስክ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ጨርሳችሁ መልሱት። ሲነሳ የቱ እንዲከፈት እንደምትፈልጉ በማስነሻ ቁልፉ ትመርጣላችሁ፤ ሌኖቮና ዴል ኤፍ 12፣ ኤችፒ ኤፍ 9።

ሦስተኛው ሊኑክስ ውስጥ በቨርቹዋል ማሽን ዊንዶውስን መክፈት ነው። ለወር አንዴ ሥራ ደህና ነው። 16 ጊጋባይት ራም ከሌላችሁ ግን አትሞክሩት።

የትኛው ሊኑክስ?

እዚህ ላይ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨቃጨቃል። በቢሮ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ይሠራሉ። ዋይፋያቸው ብዙውን ጊዜ ኢንቴል ስለሆነ ወዲያው ይይዛል። የጣት አሻራ ማንበቢያው ግን በብዙዎቹ፣ የቲ480ውን ጨምሮ፣ እንደተጫነ አይሠራም።

እኔ የምመርጠው በዳታ ነው። ሊኑክስ ሚንት 22 ወደ 3 ጊጋባይት ነው። መልኩ ለዊንዶውስ የለመደ ሰው አያደናግርም፤ ድጋፉም እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ነው። ኡቡንቱ 24.04 ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል። ስናፕ የሚባሉት ፕሮግራሞቹም ራሳቸውን በራሳቸው ያድሳሉ፤ በሞባይል ጥቅል ላይ ሳታስቡት ዳታችሁን ይጨርሳሉ። ዋይፋይ ላለው ሰው ግን ጥሩ ምርጫ ነው፣ ችግር ሲገጥማችሁም መልስ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ዴቢያን 13 ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ትንሹ መጫኛው ከ1 ጊጋባይት በታች ነው፤ የቀረውን እየጫነ ያወርዳል። አይነካካም፣ አይለዋወጥም፣ ትንሽ ልምድ ላለው ሰው ይስማማል። ፌዶራ በየስድስት ወሩ አዲስ ያወጣል፤ ያን ሁሉ ማውረድ ለእኛ ሰፈር ይከብዳል።

የቱንም ስትመርጡ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑ ክፈቱት (የዴቢያን ትንሹ መጫኛ ግን ይህን አያስችልም)። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ ማተሚያው መሥራቱን እዩ። ጫኚ ፋይሉን ከጓደኛ በፍላሽ ከወሰዳችሁ ትክክለኛ መሆኑን አዘጋጆቹ ድረ ገጻቸው ላይ ባወጡት የማረጋገጫ ቁጥር (ቼክሰም) አረጋግጡ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ፋይላችሁን ገልብጡ። ዊንዶውሱ ቢትሎከር በሚባለው የዲስክ መቆለፊያው ከተቆለፈ የመክፈቻ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ባዮሱን አድሱ። ቲ480 ላይ በተለይ የተንደርቦልቱን (ፈጣኑን የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ) ፈርምዌር፣ ማለትም ውስጡ ያለውን ፕሮግራም፣ አድሱ፤ የድሮው እትም ውሎ አድሮ በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ማድረግን የሚያበላሽ ችግር ነበረበት። ይህን ሁሉ ባትሪው ሞልቶ ሳለ አድርጉ። የዲስክ ክፍል እየተቀነሰ ወይም ባዮስ እየታደሰ መብራት ከሄደና ባትሪው ደካማ ከሆነ ጉዳቱ ከባድ ነው። ዲስኩን ለመቀየር ክዳኑን ስትከፍቱ ደግሞ፣ ቲ480 ውስጥና ውጭ ሁለት ባትሪ ስላለው፣ የውጪውን ከማውጣታችሁም ሌላ የውስጡን ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ ከዚያ ካቻቢቴውን አንሱ። ስትጭኑም ዲስኩን በይለፍ ቃል ቆልፍ የሚለውን ምረጡ። ታክሲ ውስጥ ቢሰረቅ እንኳ የደንበኞቻችሁ ፋይል አይነበብም።

በአጭሩ ሲታይ

| አማራጭ | መግጠም (ለሊኑክስ፦ ቅለት) | ጉዞና መብራት (ለሊኑክስ፦ ዳታ) | ዋጋ | ለማን |
|---|---|---|---|---|
| ሃርድ ዲስክ | ያለው ነው | መንገጫገጭ አይወድም | ወጪ የለውም | ለመጠባበቂያ ብቻ |
| 2.5 ኢንች ሳታ | በሃርድ ዲስኩ ቦታ ይገባል | ይችላል | ዝቅተኛ | ለአብዛኛው ሰው |
| ኤንቪኤምኢ | መታየት አለበት፣ ማስገጠሚያ ሊፈልግ ይችላል | ይችላል | መካከለኛ | ለከባድ ሥራ፣ ለኤም.2 ብቻ ማሽን |
| ሁለት ዲስክ | በተወሰኑ ሞዴሎች | ይችላል | ከፍተኛ | ዊንዶውስም ሊኑክስም ለሚያስፈልገው |
| ሚንት | ለጀማሪ ይቀላል | ወደ 3 ጊጋባይት ማውረድ | ነፃ | ከዊንዶውስ ለሚመጣ |
| ኡቡንቱ | ለጀማሪ ይቀላል | ወደ 6 ጊጋባይት፣ ዳታ ይበላል | ነፃ | ዋይፋይ ላለው |
| ዴቢያን | ልምድ ይጠይቃል | ከ1 ጊጋባይት በታች ይጀምራል | ነፃ | መረጋጋት ለሚፈልግ |

ለማን የቱ?

ተማሪ ከሆናችሁና ገንዘቡ ካጠረ፦ 240 ወይም 256 ጊጋባይት ሳታና ሚንት። ፊልም ካላከማቻችሁበት ይበቃል።

በሂሳብ ሥራ የምትተዳደሩ ከሆነ፦ ማሽናችሁ 8ኛ ጄኔሬሽን ከሆነ ኤስኤስዲ ቀይሩና ዊንዶውስ 11 ላይ ቆዩ። ሊኑክስን በሌላ ዲስክ ቀስ ብላችሁ ልመዱት። ማሽኑ ከዚያ በታች ከሆነ ፒችትሪውን ያለ ኢንተርኔት አቆዩት፣ ኢሜይልና ብሮውዘር በሊኑክሱ ይሁን።

ፕሮግራሚንግ ወይም ቪዲዮ ከሆነ ሥራችሁ፦ 512 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ኤንቪኤምኢ፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ የፈለጋችሁት ሊኑክስ።

ለልጆች ትምህርት ወይም ለወላጅ የሚሆን ቲ460 ቤት ውስጥ ካላችሁ፦ ሳታ ኤስኤስዲ፣ ሚንት፣ ራሙም 4 ከሆነ ወደ 8። ስለ ራሙ አንድ ነገር። ቲ460 የሚቀበለው ዲዲአር3ኤል ነው። ቲ470 ግን ዲዲአር4 ነው። ስማቸው ይቀራረባል፣ መሰኪያቸው አይገናኝም። አሮጌውን ራም ነቅላችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ ፊት አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣችሁ አስተያዩ።